የክላውድ ቅንብር ክትትል ወጪ፦ ሰበካ ጉባኤያት ውል ከመፈረማቸው በፊት ሊረዱት የሚገባ

የምእመናንን መዝገብ፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶችን፣ የአሥራት በኵራት ሒሳብንና የልማት ሥራ ሰነዶችን በክላውድ፣ ማለትም በሌላ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ውስጥ በኪራይ በሚገኝ ቦታ፣ ማስቀመጥ የጀመሩ አጥቢያዎች አሉ። ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በሚያቀርቡት የዋጋ ዝርዝር ውስጥ «የቅንብር ምዝገባና የደንብ ክትትል» የሚል አንድ መስመር ሊገኝ ይችላል። ምንነቱን ሳይረዱ መፈረም የምእመናንን ገንዘብ ያባክናል፤ ሳይረዱ መሰረዝም የምእመናንን ምስጢር ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ የአገልግሎቱን ጥቅምና የወጪውን አሠራር በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እናብራራለን።

አገልግሎቱ ምንድን ነው?

የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ ቤት እናስብ። የንዋያተ ቅድሳቱ መዝገብ ምን እንዳለ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ማን አውጥቶ ማን እንደመለሰ ይናገራል። ቁጥጥር የሚደረገውም ያ መዝገብ ከመተዳደሪያ ደንቡ ጋር እየተመሳከረ ነው። በክላውድም እንዲሁ ሁለት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ የመረጃ ማስቀመጫ፣ ሰርቨርና የተጠቃሚ ፈቃድ ላይ የተደረገውን ለውጥ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው የተመዘገበው ሁኔታ «የመረጃ ማስቀመጫ ለሕዝብ ክፍት አይሁን» ከሚለው ዓይነት ደንብ ጋር መስማማቱን መመርመር ነው።

ጉዳዩ ለቤተ ክርስቲያን ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሃይማኖት እምነትንና የጤና ሁኔታን የሚገልጹ መረጃዎችን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ይቆጥራል። የአንድ አጥቢያ የምእመናን መዝገብ በባሕርዩ የሃይማኖት መረጃ ነው፤ የክሊኒክ ሕሙማንና የሚረዱ ሕፃናት ሰነድ ሲታከልበት ኃላፊነቱ ይበልጥ ይከብዳል።

ወጪው እንዴት ይሰላል?

ለምሳሌ በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የአማዞን ኩባንያ «ኤደብሊውኤስ ኮንፊግ» እንውሰድ። በዚህ አገልግሎት ክፍያው በወር የተቆረጠ ሳይሆን በሥራው ብዛት ነው። ለውጥ በተደረገ ቁጥር ለሚያዝ አንድ ምዝገባ 0.003 ዶላር ይከፈላል። ለአንድ የደንብ ምርመራ እስከ 100,000 ድረስ 0.001 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላሉት ቀጣይ 400,000 ምርመራዎች ደግሞ 0.0008 ዶላር ይታሰባል። የመዝገቡ ማስቀመጫ ቦታ ለብቻው ይከፈልበታል።

አንድ አጥቢያ 40 የክላውድ ንብረቶች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በቀን 5 ጊዜ ቢለወጥ፣ በ30 ቀን 6,000 ምዝገባ ይኖራል፤ ዋጋውም 18 ዶላር ነው። እያንዳንዱ ለውጥ በ3 ደንቦች ቢመረመር 18,000 ምርመራ፣ ማለትም ሌላ 18 ዶላር ይሆናል። ድምሩ 36 ዶላር ነው። ባለሙያው ግን ጊዜያዊ ሰርቨሮችን በየሰዓቱ እየፈጠረ የሚያጠፋ ፕሮግራም ቢተክልና ምዝገባው በቀን 3,000 ቢደርስ፣ የወሩ 90,000 ምዝገባ 270 ዶላር፣ 270,000ው ምርመራ ደግሞ 236 ዶላር ያስከፍላል። ድምሩ 506 ዶላር ነው። የምእመናኑ ቁጥር አልጨመረም፤ የተመዘገበው መረጃም ያው ነው። ወጪውን 14 እጥፍ ያደረገው የለውጡ ብዛት ብቻ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጡን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘግብ አማራጭም አለ፤ የአንዱ ምዝገባ ዋጋ 0.012 ዶላር ነው። ይህ የመጀመሪያው ዋጋ አራት እጥፍ በመሆኑ የሚያዋጣው ንብረቱ በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ሲለወጥ ነው። ሆኖም ጠዋት በስሕተት ለሕዝብ ተከፍቶ ማታ የተዘጋ ማስቀመጫ በዚህ መዝገብ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የምእመናን መዝገብ ለተቀመጠበት ቦታ ተከታታዩን ምዝገባ፣ ብዙ ለሚለዋወጡትና ምስጢር ለሌላቸው ደግሞ የዕለቱን እንመክራለን።

የውጭ ምንዛሪን ጉዳይ መዘንጋትም አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ስሌት 2,052 ብር የነበረው 36 ዶላር ከ3,600 ብር በላይ ሆኗል። በጀቱ በብር ቢጸድቅም ዕዳው በዶላር መሆኑን የሒሳብ ክፍሉ ያስብበት።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የሚመዘገቡት ሁሉም ንብረቶች ናቸው ወይስ ምስጢር የያዙት ብቻ? ሁለተኛ፣ በማንጠቀምባቸው የአገልግሎት አካባቢዎች ምዝገባው ተዘግቷል? የተጠቃሚ ፈቃዶችስ በአንድ አካባቢ ብቻ ይመዘገባሉ ወይስ ያው ነገር በየቦታው እየተደገመ ይከፈልበታል? ሦስተኛ፣ ወጪው ከተፈቀደው በጀት ሲቃረብ ለሒሳብ ሹሙና ለጽሕፈት ቤቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሳል? አራተኛ፣ መዝገቡ ለስንት ጊዜ ይቆያል? አምስተኛ፣ ደንብ መጣሱ ሲታወቅ መልእክቱን የሚያነብና የሚያስተካክል ሰው ማን ነው? ክትትሉ ስሕተቱን ያሳያል እንጂ በራሱ አያርምም። መልእክቱን የሚያነብ ሰው ከሌለ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው።

የራሱ ሰርቨር የሌለው፣ መዝገቡን በተራ የሰነድ ማስቀመጫ አገልግሎት የያዘ ትንሽ አጥቢያ ይህን አገልግሎት መግዛት አያስፈልገውም። ጠንካራ የይለፍ ቃልና የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ በየሦስት ወሩ የተጠቃሚዎችን ስም ዝርዝር መፈተሽ፣ አገልግሎቱን የለቀቀን ሰው ፈቃድ በዕለቱ መሰረዝ ይበቃዋል። የራሳቸው ሰርቨር ያላቸው አጥቢያዎችም በነጻ የሚገኘውን «ፕራውለር» የተባለ የመመርመሪያ ፕሮግራም በወር አንድ ጊዜ በባለሙያ ማስፈተሽ ይችላሉ።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው ያስተማረው ትምህርት ለዚህም ሥራ መመሪያችን ነው። ምእመናን ከጥሪታቸው ከፍለው የሰጡትን ገንዘብና በአደራ ያስመዘገቡትን ስማቸውን እኩል ልንጠብቅ ይገባናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።