የአፈር ናሙና አወሳሰድ ለኦርጋኒክ በካዮች

የአፈር ናሙና አወሳሰድ ለኦርጋኒክ በካዮች ማለት እንደ ፀረ-ተባይ፣ ነዳጅና የሞተር ዘይት ያሉ ካርቦን ያዘሉ ኬሚካሎች በአፈር ውስጥ የት እንዳሉና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እየወረዱ መሆናቸውን ለማወቅ አፈር ወስዶ የመመርመር ሥራ ነው። የባሕር ዳር ከተማ የመጠጥ ውሃ በአብዛኛው ከምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች ስለሚገኝ፣ ጉዳዩ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የሚኖረውን ሕዝብ በቀጥታ ይመለከታል።

የበካዮች ጠባይ

ዘዴው የሚመረጠው እንደ በካዩ ጠባይ ነው። ዲዲቲ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ ከአፈር ብስባሽ ጋር ተጣብቆ በላይኛው ንብርብር ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ቱፎርዲ (2,4-ዲ) የተባለው ፀረ-አረም በአፈር ውስጥ ቶሎ ቢበሰብስም፣ በውሃ ስለሚሟሟ ከዝናብ ጋር ሊሰርግ ይችላል። ቤንዚን ደግሞ ይተናል።

ዋና ዋና ዘዴዎች

* የገጽ ድብልቅ ናሙና፦ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታዎች፣ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተወሰደ አፈር ተደባልቆ ይመረመራል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ አንድ የተበከለ ቦታ በንጹሕ አፈር መካከል ሊሰወር ይችላል። ብክለቱ ምን ያህል እንደወረደም አይናገርም።
* የእጅ መሰርሰሪያ (ኦገር)፦ ጠለቅ ብሎ ይወስዳል። ሆኖም ከላይ የሚረግፍ አፈር ከታችኛው ጋር ተደባልቆ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል።
* የቱቦ ናሙና፦ ቱቦ ወደ መሬት ተገፍቶ አፈሩ ንብርብሩን እንደጠበቀ ይወጣል። በየጥልቀቱ ተቆርጦ ስለሚመረመር የበካዩን ጉዞ ለመከታተል ይሻላል፤ ድንጋያማ መሬት ላይ ግን ያስቸግራል።
* የአፈር ጋዝ ናሙና፦ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ያለውን አየር ይመረምራል። ለነዳጅ ፍሳሽ ይጠቅማል፤ ለዲዲቲ አያገለግልም።

በባሕር ዳር አካባቢ

በጣና ዙሪያ ቀይ አፈርም ዋልካ (መረሬ) አፈርም ይገኛል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። የሰኔ ዝናብ በስንጥቁ ሲወርድ በካዩን ይዞ መካከለኛውን ንብርብር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በስንጥቆች መካከል የተወሰደ አንድ ቱቦ «ንጹሕ» መሆኑ ከታች ያለው ውሃ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከስንጥቁም ከመካከሉም፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ብዙ ቱቦዎችን መውሰድ ያስፈልጋል። ከአፈሩ በታች ያለው የባዝልት አለት ስንጥቅ ስላለው የጉድጓድና የምንጭ ውሃም አብሮ ይመረመራል።

የናሙና አያያዝ

ናሙናው በንጹሕ የመስታወት ዕቃ ተከድኖ፣ በጨለማና በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀዝቅዞ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። ለነዳጅ የሚወሰድ ናሙና አይደባለቅም፤ ሲደባለቅ በካዩ ይተናልና።