በውሻ ገላ ላይ የሚወጣ እባጭ ለሐኪም ሊታይ የሚገባው ስለ መሆኑ

ከኻርቱም በስተ ደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በሚገኘው በካላክላም ሆነ በኢትዮጵያ ገጠር ውሻ የቤትና የከብት ጠባቂ ነው። ሆኖም በገላው ላይ እባጭ ሲወጣበት ብዙ ሰው ወይ በቸልታ ያልፈዋል፤ ወይም በጋለ ብረት ይተኩሰዋል። ሁለቱም ጉዳት ያስከትላሉ።

እባጭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መግል የቋጠረ ቁስል፣ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ስብ፣ የመዥገር ንክሻ ያመጣው እብጠት ወይም ከቆዳ በታች የገባ የዝንብ ትል ሊሆን ይችላል፤ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ሆኖ ከጣት ሥር የሚንሸራተት እባጭ ብዙውን ጊዜ ስብ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ክፉ ነቀርሳ ይህንኑ መስሎ ይዳሰሳል። ስለዚህ በዐይንና በእጅ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የእንስሳት ሐኪም ግን በቀጭን መርፌ ከእባጩ ጥቂት ሕዋሳት ወስዶ፣ በመስተዋት ላይ አድርቆ፣ ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። ይህም ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። በመርፌ የተወሰደው ካልበቃ ከእባጩ ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል።

ውሾች ያለ ጠባቂ በሚዘዋወሩበት አገር በተለይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነቀርሳ አለ። ይኸውም በግንኙነት፣ በመላስና በመነካከስ ሕያዋን ሕዋሳቱ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፉ ነው። ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት በእስያ ከአንድ ውሻ እንደ ተነሣ ሊቃውንት ይገምታሉ። ብዙውን ጊዜ በብልት ላይ የአበባ ጎመን መስሎ ይወጣል፤ ደምም ያንጠባጥባል። ይሁን እንጂ ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት በሐኪም እጅ በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኞቹ ውሾች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። በቤት የሚቆርጥ ወይም የሚተኩስ ሰው ግን ውሻውን ያሠቃያል፤ በሽታውም ሳይነቀል ይቀራል። በሴት ውሻ ጡት ላይ ከሚወጡት ዕጢዎችም ግማሽ ያህሉ ክፉ ስለሆኑ ጊዜ ሊሰጣቸው አይገባም።

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በኻርቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በቢሾፍቱ በ1979 ተመሥርቷል። በ2023 ሚያዝያ ወር በኻርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ስለ ተሰደደ፣ ሐኪም ማግኘት ለብዙዎች አስቸጋሪ ሆኗል። ሐኪም የራቀበት ሰው እባጩ የታየበትን ቀን ይመዝግብ፤ ስፋቱንም በክር ይለካ። እባጩ 1 ሴንቲ ሜትር ከደረሰና አንድ ወር ከቈየ፣ ወይም ፈጥኖ ካደገ፣ ከቈሰለ ወይም ከደማ፣ መንገዱ ቢርቅም ውሻውን ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

የታመመ ውሻ የለመደውንም ሰው ሊነክስ ስለሚችል፣ ከመዳሰሱ በፊት አፉን በጨርቅ ማሰር ይገባል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይዘገይ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሐኪም ይጠይቅ።