ቀላል ባቡሩና ሽቦው

ከመንዝ ሞላሌ ተነስቶ በጣርማበርና በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ መገናኛ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜው የመጀመሪያ የሆነውን ባቡር ያያል። ጭስ የለውም፤ እንደ አውቶቡስም አያጓራም። ከጣሪያው ላይ የታጠፈ ክንድ ወጥቶ ከላይ የተወጠረውን ሽቦ ይነካል። ይህን ባቡር ማወቅ የፈለገ ከዚያ ክንድና ከዚያ ሽቦ ይጀምር።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የተከፈተው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የሰሜን–ደቡብ መሥመር ሲሆን፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መሥመር በጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። ሁለቱ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሐዲዱን ይጋራሉ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው።

በጋራው መሥመር ላይ ያለው የለገሃር ጣቢያ የቆመው ከአሮጌው ምድር ባቡር ደጃፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የተጀመረው ያ መሥመር ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ ሠራ እንጂ በዘመኑ ሁሉ የኤሌክትሪክ ሽቦ አልተዘረጋለትም።

በእንፋሎትም ሆነ በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ስንቁን ተሸክሞ የሚጓዝ መንገደኛ ነው። ነዳጁን፣ ነዳጁን የሚያቃጥለውን ሞተር፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውኃ ሁሉ ይዞ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ኃይሉን ከመንገድ ላይ ያገኛል። ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ የሚመጣው ኃይል በሐዲዱ ዳር በተተከሉ ማከፋፈያዎች ዝቅ ይደረግና ወደ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ሽቦው ላይ ይለቀቃል። በክንዱ በኩል ወደ ባቡሩ ይገባል፤ ሞተሮቹን ያሽከረክራል፤ ከዚያም በብረት ጎማዎቹ በኩል ወደ ሐዲዱ ወርዶ ወደ ማከፋፈያው ይመለሳል። ሐዲዱ ባቡሩን ከመሸከም በተጨማሪ የኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ነው ማለት ነው። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ሞተሩ ሥራውን ገልብጦ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከፒያሳ ወደ ቃሊቲ ቁልቁለት በሚበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ የሚወርደው ባቡር ያመነጨውን ኃይል በአቅራቢያው ሽቅብ የሚወጣው ሊጠቀምበት ይችላል።

የደጋ ሰው በተለይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጣርማበርን የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ለምን እንደሚያቃስት ሁላችንም እናውቃለን። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ናፍጣው በደንብ የሚነድበት አየር ያንሰዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለመሥራት አየር አይስብም፤ በቆላም በደጋም ጉልበቱ ያው ነው። ሆኖም ከፍታው ሌላ ዋጋ ያስከፍለዋል። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ለደጋ ከተማ የሚሠራ ባቡር ማቀዝቀዣውም፣ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው መከላከያም ከፍታው ታስቦ መሠራት አለበት።

አገልግሎቱ ሲጀመር ታሪፉ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ከ250 ሰው በላይ የሚይዝ ባቡር በዚህ ዋጋ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያቋርጥ፣ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ጉሊት ነጋዴዋ ምን ያህል እንደተጠቀሙ ጠዋት ጣቢያ ቆሞ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔ ይህን ባቡር የምወደው በዚህ ነው። ችግሩም የመጣው ከዚያው ከዋጋው ነው፤ የቲኬቱ ገቢ የሥራውን ወጪ አይሸፍንም። መለዋወጫው ደግሞ በብር አይገዛም። ጎማው ያልቃል፤ ክንዱ ከሽቦው ጋር እየተፋተገ ይበላል፤ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ይቃጠላሉ። እነዚህን ለማስመጣት ዶላር ያስፈልጋል። ሥራው በተጀመረ ጊዜ 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ዓመታት ሲያልፉ ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ። ባቡር ሲያንስ ተሳፋሪው ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ይረዝማል፤ ያኔ የቸኮለው ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለሳል። በዚህ ላይ ለሥርዓቱ የተዘረጋው የመዳብ ገመድ ተቆርጦ ይሰረቃል።

መሥመሩን ስለ ማራዘም ሲነሳ ብዙ ሰው ጆሮው የሚቆመው ሐዲዱ ለሚደርስበት ሰፈር ነው። ከተማዋ ከአያትም፣ ከቃሊቲም፣ ከጦር ኃይሎችም አልፋ ሰፍታለችና ጥያቄው ተገቢ ነው። በ750 ቮልት የሚሠራ መሥመር ሲረዝም ግን ሐዲድና ሽቦ መቀጠል ብቻ አይበቃም። ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ኃይሉ ርቆ ሲሄድ በመንገድ ይባክናል፤ ስለዚህ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ማከፋፈያ መጨመር ግድ ይላል። ባቡሮችና የጥገና ቦታም መጨመር አለባቸው፤ አለበለዚያ ያሉት ባቡሮች በረዘመው መንገድ ላይ ይበታተኑና አዲሱም ነባሩም ሰፈር ሳይጠቀም ይቀራል። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ማራዘሚያ መሆን ያለበት የቆሙትን ባቡሮች ጠግኖ በየ6 ደቂቃው አንድ ማሳለፍ ነው።

ሩቅ ለሚሄድ ባቡር የተመረጠው ሌላ መንገድ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መሥመር በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ቮልቱ ከፍ ሲል ብክነቱ ስለሚቀንስ ማከፋፈያዎቹ በብዙ ኪሎ ሜትሮች ሊራራቁ ይችላሉ። በዚህ ፈንታ ቮልቱን የሚያወርደውን ከባድ ትራንስፎርመር ሎኮሞቲቩ ራሱ ይሸከማል። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ጥንድ ሐዲድ ነው። ዋና ከተማዋን ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆና ከአዳማ ጋር በየዕለቱ የሚያመላልስ የሠራተኛ ባቡር በስፋት ይሥራ ቢባል፣ ሐዲዱም ሽቦውም እዚያው አለ።

ለመንዝ የሚቀርበው ሐዲድ ግን ሌላ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መሥመር 392 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከመንዝ ገደል በታች ባለው ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አቅጣጫ ወደ ሰሜን ያልፋል። ግንባታውን የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። እሱም ለ25,000 ቮልት የታቀደ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከአዋሽ ኮምቦልቻ፣ ሐዲዱ ተዘርግቶ ዋሻዎቹ ተፈልፍለው ሳለ፣ ኃይል የሚያደርስለት የኤሌክትሪክ መሥመር በጊዜው አልደረሰለትም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ደረሰና ንብረቱ ተጎዳ።

አዲስ አበባ ላይ ኤሌክትሪኩ መጥቶ ባቡሮቹ ቆሙ፤ ከእኛ ከመንዞች በታች ደግሞ ሐዲዱ መጥቶ ኤሌክትሪኩ ቀረ። መሥመሩ ኃይል ሲያገኝ የሞላሌ ገበሬ ገብሱንና በጉን፣ የመንዝ ሸማኔ ባናውን ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ ወደብ ለመላክ ጣቢያው ቅርብ ይሆንለታል፤ ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ክረምት ከበጋ የጭነት መኪና የሚያሳልፍ ከሆነ። የመንገዱ ሥራ ደግሞ ኤሌክትሪኩን መጠበቅ የለበትም፤ አሁኑኑ ሊጀመር ይችላል።