የጎተራ ሙላትና የልጅ ቁመት

ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኝ ቀበሌ ሲሆን፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅም ያለው በዚሁ ስፍራ ነው። አካባቢው በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍና አትክልት የሚበቅልበት፣ ከብትና ዶሮ የሚረባበት፣ የጣና ዓሣ ከቅርብ የሚገኝበት፣ የከተማ ገበያም የማይርቀው ነው። ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም ምድርም ለሌላው የሀገሪቱ ክፍል እህል በመላክ ይታወቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች አጭር መሆናቸውን አሳይቷል፤ ይህም የሀገሪቱ አማካይ ከነበረው 38 በመቶ የላቀ፣ በዚያ ጥናትም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ችግሩ ድርቅ በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ብቻ ተወስኖ ሳይቀር ጎተራው የሞላውን ገበሬ ቤት ጭምር የሚያንኳኳ በመሆኑ፣ የልጅን ቁመትና የሰውነት መጠን የሚወስነው ምን እንደሆነ በጥሞና መመርመር ግድ ይላል።

መቀንጨር የሚባለው ልጅ ከዕድሜው አንጻር አጭር ሆኖ መገኘቱ ነው። መቀጨጭ ከሚባለው፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ሳይመጣጠን ቀርቶ ሰውነት ከሚከሳበት ሁኔታ የሚለየውም፣ መቀጨጭ በጥቂት ሳምንታት ረኃብ ወይም ሕመም ሊከሰት ሲችል መቀንጨር ግን ለወራትና ለዓመታት የተጠራቀመ ጉድለት ውጤት በመሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የእድገት መለኪያ መሠረት፣ አንዲት ሴት ልጅ 2 ዓመት ሲሞላት ተጋድማ ስትለካ ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል፤ ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነች ግን ቀንጭራለች ማለት ነው። የቀነጨረ ልጅ ፊቱ የሞላ፣ ሲሮጥና ሲጫወት የሚውል ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይም የመንደሩ እኩዮቹ ሁሉ እንደ እርሱ አጭር ከሆኑ፣ ወላጁ ቀርቶ የጤና ባለሙያም በዓይን አይቶ አይለየውም።

ቤተሰብ ስለ ልጁ ቁመት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የዘር ነው» የሚል ነው፤ መልሱም ከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነና የ5.4 ሚሊዮን ሰዎችን የዘር መረጃ የመረመረ ዓለም አቀፍ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ 12,000 ያህል የዘር ልዩነቶችን ለይቷል፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም፣ በቂ ምግብና ሕክምና ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው የቁመት ልዩነት 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር እንደሚመጣ ይገምታሉ። ነገር ግን ይህ ግምት የሚሠራው ሁሉም በበቂ ሁኔታ ባደገበት ማኅበረሰብ ነው። በአንድ እርሻ ላይ በእኩል ማዳበሪያና ውኃ ባደገ በቆሎ መካከል የሚታየውን የቁመት ልዩነት ዘሩ ያስረዳል፤ በለማ መሬትና በተራቆተ መሬት የበቀለውን በቆሎ የሚለየው ግን ዘሩ ሳይሆን መሬቱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከላይ የተጠቀሰውን መለኪያ ለማዘጋጀት ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ የተውጣጡ 8,500 ያህል ሕፃናትን ሲያጠና፣ ጡት በሚገባ የጠቡና ንጹሕ አካባቢ ያደጉ የእነዚህ ሀገሮች ልጆች በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቁመታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የደቡብ ኮሪያ ሴቶች ቁመት በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር መጨመሩም ይህንኑ ያጸናል፤ የአንድ ሕዝብ ዘር በአራትና በአምስት ትውልድ ይህን ያህል ሊለወጥ አይችልምና።

ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ከጣና በስተሰሜን፣ ከሰሜን ተራሮች አካባቢ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጡ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው በደባርቅና 1,500 ሜትር ያህል ላይ በምትገኘው በአዲ አርቃይ የሚኖሩ ሰዎችን አነጻጽረው ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች፣ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ልጆች እድገታቸው እንደሚዘገይ ያመለከቱ ስለነበር፣ የደባርቅ ልጆችም ከቆላዎቹ አጥረው ይገኛሉ ተብሎ ቢታሰብ አያስገርምም ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ የደጋዎቹ ልጆች ከቆላዎቹ ይልቅ ረዝመውና ከብደው ተገኙ። ሁለቱ ሕዝቦች በቋንቋም በዘርም የተቀራረቡ ስለነበሩ፣ ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን በዋናነት የሰጡት ቆላውን ለሚያጠቃው ወባና ለሌሎች በሽታዎች ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ወባ ካለመኖሩ የሚገኘው ጥቅም ከአየር መሳሳት ጉዳት ከበለጠ፣ በሽታ በልጅ አጥንት ላይ ያለው ሥልጣን ብዙዎች ከሚገምቱት እጅግ የላቀ ነው ማለት ነው።

በሽታ ቁመትን የሚቀንስበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። የልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍና ጫፋቸው አጠገብ የእድገት ሰሌዳ የሚባል ለስላሳ የልምአጥንት ክፍል አለ፤ አጥንቱ የሚረዝመው ይህ ክፍል አዳዲስ ሕዋሳትን ሲያፈራ ሲሆን፣ ሥራውን የሚመሩት ከአንጎል ሥር ካለች እጢ የሚመነጨው የእድገት ሆርሞንና በእርሱ ትእዛዝ ጉበት የሚያዘጋጀው ሌላ ሆርሞን ናቸው። ምግብ ሲያንስ ወይም ሰውነት ከተሕዋስያን ጋር ሲታገል ጉበት ይህን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሰውነቱ ለሕይወት የሚያስፈልገውን ያስቀድምና ማደግን ያዘገያል። እንቅርትን በመከላከል የሚታወቀው አዮዲንም ለእድገት የግድ አስፈላጊ የሆነው፣ የአንገት እጢ ያለ እርሱ የራሷን ሆርሞን መሥራት ስለማትችል ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው በየቤቱ እንዲገባ መደረጉም ለዚህ ነው።

ልጅ ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት 25፣ በሁለተኛው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። በጉርምስና ወቅት እድገቱ እንደገና ቢፈጥንም፣ በሕፃንነት የጎደለውን ሙሉ በሙሉ መተካቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነው። ስለዚህ ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ያሉት ቀናት ከሌሎቹ ሁሉ የከበዱ ናቸው። ጉዳዩ የሚጀምረውም ከእናት ነው፤ ገና ራሷ ሳታድግ የተዳረች ልጅ ከፅንሷ ጋር ያንኑ ምግብ ትሻማለች፣ በደም ማነስ የተጠቃች ወይም እስከ ምጧ ቀን ድረስ ውኃና እንጨት የምትሸከም እናት ክብደቱ ያነሰ ልጅ ትወልዳለች፣ ቶሎ ቶሎ መውለድም የእናቲቱን አካል ለማገገም ጊዜ ይነሳዋል። ያለዕድሜ ጋብቻ በአማራ ክልል ለረጅም ጊዜ ሥር ሰዶ የቆየ በመሆኑ፣ የሴት ልጅ በትምህርት ቤት መቆየት የነገውን ልጅ ቁመትም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ልጁ 6 ወር ሲሞላው የእናት ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ ከባዱ ጊዜም ያኔ ይጀምራል። በ2016ቱ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት በቂ ዓይነትና ድግግሞሽ ያለው ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ገንፎና ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላሉ፤ ለአጥንትና ለጡንቻ የሚያስፈልጉት የተሟላ ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ግን በብዛት የሚገኙት በእንቁላል፣ በወተት፣ በሥጋና በዓሣ፣ ከፊሉም በጥራጥሬና በአትክልት ነው። ከዘንዘልማና ከመሰል ቀበሌዎች ወተቱና እንቁላሉ ወደ ከተማ ገበያ፣ ከጣና የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ ደግሞ ወደ ምግብ ቤቶች ሲሄድ፣ በገንዘቡ የሚገዛው ጨው፣ ዘይት፣ ማዳበሪያና ደብተር ነው። ገበሬው በዚህ ሊወቀስ አይገባውም፤ ነገር ግን በሳምንት ጥቂት እንቁላል ከገበያ ቀርቶ ለሕፃኑ ቢሰጥ የሚገኘው ትርፍ ከዋጋው የሚበልጥ መሆኑ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የጾም ነገርም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲጾሙ አይጠበቅም፤ ሆኖም በጾም ወራት የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ ሲባል ለሕፃኑ ብቻ ወተትና እንቁላል ማዘጋጀት ስለሚቀር፣ ሕፃኑ ሳይታዘዝ ይጾማል። ለሕፃኑ የተለየ ትንሽ ድስትና ሳህን መያዝ ይህን ችግር ያቃልላል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክር ማበረታታት ተገቢ ነው። በዚህ ረገድ የካህናት አንድ ቃል ከብዙ የጤና ትምህርት ይልቅ ይደመጣል።

ምግቡ ቢገኝም አንጀት ካልተቀበለው ዋጋ የለውም። ዶሮና ጥጃ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት፣ መዳህ የጀመረ ሕፃን ከአፈር ጋር ኩሳቸውን ወደ አፉ ያስገባል፤ ይህ ሲደጋገም ተቅማጥ ባይታይ እንኳ የአንጀት ግድግዳ ይጎዳና ምግብን የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። በጣና ዳርቻ ደግሞ ከፍ ያሉትን ልጆች ቢልሃርዚያ ይጠብቃቸዋል፤ በውኃ ውስጥ በቀንድ አውጣ አካል የሚራባው ይህ ጥገኛ ተሕዋስ ዋናተኛውን፣ ዓሣ አጥማጁንና መስኖ የሚያጠጣውን በቆዳው በኩል ይገባበታል። ደም የሚመጠው የመንጠቆ ትልም በባዶ እግር ከሚረገጥ እርጥብ አፈር ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት ነው እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ሀገር አቀፍ የትምህርት ቤት የመድኃኒት እደላ ለዚህ አካባቢ ትልቅ ትርጉም ያለው። ይሁንና መድኃኒቱን የዋጠ ልጅ በማግስቱ ወደዚያው ውኃ ከገባ በሽታው ይመለስበታል። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተደረጉ ሰፋፊ ሙከራዎችም፣ ቀላል መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠቢያ ማቅረብ ብቻውን የሕፃናትን ቁመት እንዳልጨመረ አረጋግጠዋል፤ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ንጽሕና አይጠቅምም የሚል ሳይሆን ግማሽ ንጽሕና አይበቃም የሚል ነው።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ገብቷል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ የነበረው የሀገሪቱ የመቀንጨር መጠን በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል፤ በ19 ዓመት ይህን ያህል መውረዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የእናቶች ድካም ፍሬ ነው። ነገር ግን በጤና ኬላ የሚለካው በአብዛኛው ክብደትና የክንድ ዙሪያ ሲሆን፣ እነዚህ የከሳውን ልጅ እንጂ ያጠረውን አያሳዩም። የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ከጥቂት እንጨትና ከሜትር የሚሠራ ቀላል ዕቃ ነው፤ ስለዚህ በየጤና ኬላው ሊኖር፣ ወላጆችም ልጃቸውን ለክትባት ሲያመጡ ቁመቱ ጭምር እንዲለካላቸው ሊጠይቁ ይገባል።