የጠባቂው ጎጆ ከእሸቱ በፊት ይታሰብበት

በገለምሶ ዙሪያ ባሉ የሐብሮ ወረዳ ቀበሌዎች ማሽላው እሸት ሲይዝ የብዙ አርሶ አደር ቤት ሁለት ይሆናል። አንደኛው ቤተሰቡ የሚኖርበት ነው፤ ሁለተኛው ከመንደር ርቆ በማሳ ዳር ለጥበቃ የሚቀለሰው ጎጆ ነው። ቀን ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ሰብሉን ይፈታተናሉ። የጫት ማሳም ሌሊቱን ከሌባ ይጠበቃል።

ይህ ጎጆ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በጥድፊያ ነው። ነፋስ የሚያንገዳግደው፣ ዝናብ የሚያስገባ ከሆነ ጠባቂው ብርዱን አይችልም። አንድ ሌሊት ማሳውን ትቶ ቢገባ የዓመት ልፋት ለአውሬ ይተርፋል። ስለዚህ ዝግጅቱ በክረምቱ መካከል ሊጀመር ይገባል።

ቦታው ማሳውን በሙሉ የሚያሳይ፣ ከጎርፍ መውረጃ የራቀ ይሁን። በላይኛው ወገን ቦይ ይቆፈር፤ በሩም ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይዙር። ለምሰሶ ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ነገር ግን ቅርፊቱ ተልጦ በደንብ ይድረቅ። መሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ከተለበለበ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከተቀባ ምስጥ ቶሎ አይበላውም። ጥድና ወይራ ምስጥን ይበልጥ ቢቋቋሙም ለአንድ ወቅት ጎጆ ብሎ የቀረውን ደን መመንጠር ነገ ማሳውን ለጎርፍ መስጠት ነው። ግድግዳው ጭድ ገብቶበት በሚገባ በተቦካ ጭቃ ቢመረግ ብርድን ይከላከላል።

ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ውሃም ይሰጣል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክዳን በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 120 ሊትር ይቀበላል፤ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ በርካታ ጀሪካን ይሞላል። የመጀመሪያው ውሃ ይደፋ፤ የሚጠጣው ይፈላ። ዝናቡ ሳያቆም በርሜል የሞላ ጠባቂ በጥቅምት ወንዝ ለመውረድ ማሳውን አይተውም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው እሳት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ብርዱ ስለሚከብድ ነው። ሆኖም በተዘጋ ጎጆ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። እሳቱ ውጭ ይንደድ፣ ጎጆው ከላይ የአየር መውጫ፣ ከታች መግቢያ ይኑረው። በሣር ክዳን ሥር ደግሞ የኩራዝ ነበልባል ስለሚያሰጋ ትንሽ የሶላር መብራት ይመረጣል።

የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች፣ የልማት ሠራተኞችም ስለ ዘርና ማዳበሪያ ሲመክሩ ይህንንም ይጨምሩበት። ብዙ ጊዜ በጎጆው የሚያድረው ወጣት ልጅ ነው። ሰብሉ የሚጠበቀው ጠባቂው በሰላም ሲያድር ነው።