ሽምብራ ሞልቶ ውሉ የጠፋበት ገበያ

በእህል በረንዳ የሚውል ነጋዴ ሽምብራን የሚያውቀው በሽሮነቱ፣ በክክነቱና በቆሎነቱ ነው። የውጭው የምግብ ኢንዱስትሪ ግን ሽምብራን፣ አተርን፣ ባቄላንና አኩሪ አተርን የሚገዛው በሌላ ዓይን ነው። ለእሱ ጥራጥሬ የፕሮቲን ጥሬ ዕቃ ነው። ፕሮቲኑ ተለይቶ ይወጣና ለሥጋና ለወተት ምትክ፣ ለስፖርተኞች ዱቄት፣ ለአልሚ ምግብም ይውላል። ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይሁን እንጂ ለውጭ ገበያ የምታቀርበው በአብዛኛው ተበጥሮ በጆንያ የታሸገ እህል ነው።

የዘርፉ ትርፍ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ከአተር ፕሮቲን የሥጋ ምትክ የሚሠራው የአሜሪካው ቢዮንድ ሚት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 አክሲዮኑን በ25 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዋጋው ሦስት ወር ሳይሞላ ከ230 ዶላር አልፎ ነበር። በጥቅምት 2025 ያው አክሲዮን ከ1 ዶላር በታች ወረደ። በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ በ2021 ሥራ የጀመረው ሜሪት ፈንክሽናል ፉድስ ዘመናዊ ማሽንም፣ የመንግሥት ድጋፍም፣ በአካባቢው የተትረፈረፈ አተርም ነበረው። በመጋቢት 2023 ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ለተሾመ ንብረት ጠባቂ ተላልፏል።

ለባለሀብት ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ሒሳቡ ነው። በ100 ኪሎ ሽምብራ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 20 ኪሎ አካባቢ ሲሆን የተቀረው በአብዛኛው ስታርችና አሰር ነው። ለስታርቹ ገዢ ያላዘጋጀ ፋብሪካ በፕሮቲኑ ዋጋ ብቻ ሊቆም አይችልም። በአኩሪ አተርም እንዲሁ ነው። ፕሮቲኑ ከ35 በመቶ በላይ፣ ዘይቱ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ በመሆኑ ዘይት ጨማቂው፣ ፋጉሎውን የሚገዛው መኖ አቀናባሪና የምግብ ፋብሪካው ካልተሳሰሩ አንዱም አያተርፍም። ትብብር በዚህ ንግድ የስብሰባ ንግግር ሳይሆን የወጪና ገቢ ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ በአንድ ነገር ከብዙዎች ትሻላለች። ተመጋቢውን ከዕፅዋት የሚገኝ ፕሮቲን ብላ ብሎ ማግባባት አያስፈልግም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሽሮ ደግሞ ጾም ፍስክ ሳይል በየቤቱ ይሠራል። የፋብሪካ ልምዱም አዲስ አይደለም። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ከኢትዮጵያና ከስዊድን ትብብር የተገኘ ነው። ሂሊናም ከፈረንሣዩ ኑትሪሴት ጋር ተጣምሮ ከኦቾሎኒ የሚዘጋጀውን ፕላምፒ ነት በአገር ውስጥ ሲያመርት ቆይቷል።

በሽምብራ በኩል ትልቁ የትብብር ሙከራ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ይፋ የሆነው «ኢንተርፕራይዝ ኢትዮፒ» ነው። ፔፕሲኮ፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤድ በጋራ የነደፉት ይህ ዕቅድ ወደ 10,000 የሚጠጉ ገበሬዎችን ምርት በእጥፍ ለማሳደግ፣ ከሽምብራ የሚዘጋጅ አልሚ ምግብም መጀመሪያ ለ40,000 ሕፃናት ለማድረስ ያለመ ነበር። ገበሬውን፣ አቀነባባሪውንና ገዢውን በአንድ ሰንሰለት ማሰር የዕቅዱ ዋና ሐሳብ ነበር።

አገር በቀሉን አቀነባባሪ ለረጅም ጊዜ የጎዳው የዶላር ጉዳይ ነው። አስመጪም የሆኑ ብዙ ላኪዎች የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ሲሉ ቅባት እህልና ጥራጥሬ ከዓለም ዋጋ በላይ ይገዙ፣ በኪሣራ ይልኩና ጉድለቱን ባስመጡት ዕቃ ይሸፍኑ ነበር። ምርቱን በብር የሚሸጥ ፋብሪካ በዚያ ዋጋ ተወዳድሮ ሊገዛ አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ስሌት መሠረት ተናግቷል። ከእንግዲህ ላኪው የሚጠየቀው ከእህሉ ራሱ ማትረፉን ነው።

የቀረው ውል ነው። እስካሁን ባለው ልማድ ዋጋ ሲወጣ ገበሬው፣ ሲወርድ ደግሞ ገዢው ውሉን ይረሳል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ከዘር በፊት ለሚደረግ ስምምነት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ሕግ ብቻውን ግን ጆንያ አይሞላም። መነሻ ዋጋው ከገበያው ጋር ከፍና ዝቅ የሚልበት ቀመር፣ እርጥበትና የፍሬ መጠን ሁለቱም ወገኖች ፊት የሚለካበት ሚዛን፣ ዩኒየኑም ለአባሎቹ ዋስ የሚሆንበት አንቀጽ ካልተጻፈ ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ደላላው ቦታ አጣለሁ ብሎ መስጋቱ አይቀርም። ነገር ግን ፋብሪካ አሥር ሺህ ማሳ በራሱ ሠራተኛ ሊያዳርስ አይችልም። በአድአ፣ በምንጃርና በበቾ ማን ምን ያህል እንዳመረተ የሚያውቅ፣ ነጩን ሽምብራ በፍሬው መጠን ለይቶ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልገዋል። የዕለቱን የዋጋ ልዩነት ጠብቆ የሚያተርፈው ደላላ በዓመት ውል የታወቀ ኮሚሽን ወደሚያገኝ ሰብሳቢነት ቢሸጋገር የሚያጣው አጋጣሚውን እንጂ እንጀራውን አይደለም።

በፕሮቲን ፋብሪካ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ባለሀብትም ከማሽኑ ዋጋ አስቀድሞ ሦስት ሰነዶችን ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ ከገበሬው ጋር የተፈረመውን የአቅርቦት ውል፣ የፕሮቲኑን ገዢ ውል፣ የስታርቹን ወይም የፋጉሎውን ገዢ ውል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያ ፋብሪካ የዊኒፔጉ ዓይነት ዕጣ እንዳይገጥመው ያሰጋል።