ያውቁ ኖሯል? ፔስሜከር ራሱ ልብን ሊያስሮጥ ይችላል

ፔስሜከር ምቱ የዘገየ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያነቃ፣ ከደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ ነው። ባለ ሁለት ሽቦው ዓይነት የላይኛው የልብ ክፍል መምታቱን ያዳምጣል፤ ጥቂት ጠብቆ የታችኛው ካልተከተለ እንዲመታ ያደርገዋል። ችግሩ የሚመጣው የታችኛው ክፍል ያለጊዜው መትቶ ምልክቱ ሽቅብ ወደ ላይኛው ሲመለስ ነው። መሣሪያው ይህን እንደ አዲስ ምት ቆጥሮ የታችኛውን ያስመታል፤ ያም ምልክት መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ልብ በዚህ ዙር ተይዞ፣ መሣሪያው ላይ እስከተሞላው ከፍተኛ ገደብ፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 120 ወይም 130 ድረስ ሊመታ ይችላል። ደግነቱ ሐኪም ከመሣሪያው በላይ ማግኔት ሲያስቀምጥ ዙሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎችም ዙሩን ለይተው የሚሰብሩበት ፕሮግራም አላቸው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ፔስሜከሮች ሰውየው ሲንቀሳቀስ ምቱን ለመጨመር፣ በደረቱ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ እየላኩ አተነፋፈሱን ይለካሉ። አንዳንድ የሆስፒታል መከታተያ ማሽኖችም ትንፋሽን የሚለኩት በዚያው ዘዴ ነው። የሁለቱ ምልክት ሲደባለቅ፣ አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ ልብ እንደ ሯጭ ልብ ሊፈጥን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1998 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ምክንያቱ ካልታወቀ የማያስፈልግ መድኃኒት ሊታዘዝ መቻሉ ነው።

ፔስሜከር ካለዎት የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ይያዙ፤ ሆስፒታል ሲገቡም አስቀድመው ይንገሩ።